በእኔ ስም የተላከው የአበልጄ አክታ

መቼ እንደሆነ ቁርጡን አላስታውስም። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አፌን ይይዘኛል። ኮሮና የሚሉት መጥቶ ሰው ሁሉ አፉን የሸፈነበት ጊዜ ካለፈ በኋላ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ጤፉ ታጭዶ ገና አውድማ ላይ ነበር። ይህንን የማስታውሰው በብናኙ ምክንያት ሳሌ ብሶብኝ ስለነበር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ነገር ረሳሁ፤ የከብቶቼን ስም እንኳ እያምታታሁ ነው። ይህ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ባስታወስሁት ቁጥር አሁንም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

እኔ ገበሬ ነኝ። የምኖረው ከአምበር ወጣ ብሎ ካለ ጎጥ ነው። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ቸኩዬ ከምሳሳት ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሰዉን አስቁሞ ተናገረ። ከከተማ ተመራማሪዎች ይመጣሉ አለ። የሚያጠኑት ቲቢን ነው፤ የሳንባ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚተላለፍና በምን እንደሚገታ። ሰው የሚመረመርባቸው ጎጦች በዕጣ ተመርጠዋል፤ የእኛም ጎጥ ደርሶታል አለ።

አጠገቤ የቆመው አበልጄ ልየው ጮክ ብሎ፣ «ዕድሜ ልካችንን ዕጣ ደርሶን አያውቅም፤ ዛሬ ለበሽታ ደረሰን!» አለና ሰዉን አሳቀው።

ልየውን ላስተዋውቃችሁ። የአንድ ዘመን ሰዎች ነን። ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣቻት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባለቤቴ ናት፤ ስለዚህ የእኔም የክርስትና ልጅ ናት። ዕድሜያችን እኩል ይሁን እንጂ ጉልበታችን እኩል አይደለም። እኔ ዳገት ስወጣ ሦስቴ አርፋለሁ፤ እሱ ግንድ ተሸክሞ እያንጎራጎረ ያልፈኛል። ሲያስል ሰምቼው አላውቅም። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ የሚኖረው ትርንጎ ከምትባል የልጅ ልጁ ጋር ነበር። አራት ዓመት ሊሞላት ነበር ያን ጊዜ። እናቷ፣ ያችው የክርስትና ልጄ፣ ደብረ ማርቆስ ሰው ቤት ስለምትሠራ ልጅቱን ለልየው ትታለት ነበር። ምግባቸውን የልየው እኅት ከጎረቤት ታመጣላቸዋለች። ትርንጎ ስትተኛም ከአያቷ ጋቢ ሥር ነው።

ተመራማሪዎቹ መጥተው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተከሉ። የራጅ ማሽን የተሸከመ መኪናም ነበራቸው። የጤና ኬላችን ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረች ለአቅመ አዳም የደረሰውን ሁሉ መዘገበች። ልጅ እግር ናት፤ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ከተመደበች ገና ዓመት አልሞላትም። ልየው ግን አልሄድም አለ።

«ራቁቴን ለማሽን የምቆመው ምን ሆኜ ነው? ያመመው ይሂድ!» አለና ወደ ይጁቤ ገበያ ወረደ።

እኔ ሄድሁ። የሄድሁት ግን ደስ ብሎኝ አይደለም፤ የጤና ኬላዋ ልጅ ሁለት ጊዜ ደጄ ድረስ መጥታ «አባባ፣ ይምጡ እንጂ» ስላለችኝ አፍሬ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ፣ «ሳል አለብዎት?» አሉኝ። «የለብኝም» ብዬ ሳልጨርስ ሳሉ ራሱ መለሰላቸው። ራጅ አነሡኝ፤ ፎቶው ላይ ያልወደዱት ነገር አለ መሰል እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ሰጡኝና አክታ ትፋባት አሉኝ። ሆን ብዬ ምራቄን ብቻ ተፋሁ። «ይሄ ምራቅ ነው አባባ፤ አክታ ከደረት ነው የሚመጣው» አሉና ሌላ ብልቃጥ ሰጡኝ። ጠዋት እህል ሳልቀምስ፣ ከደረቴ ስቤ፣ ተፍቼ፣ ክዳኗን አጥብቄ እንዳመጣላቸው ነገሩኝ። ብልቃጧ ላይ ስሜ ተጽፎ ነበር።

ለምን እንደፈራሁ ልናገር። በሚካኤል ማኅበራችን ውስጥ ከብዙ ጊዜ በፊት አንድ ሰው ነበረ። የሳንባ በሽታ አለበት ተባለና ጽዋው ለብቻው ሆነ። ጠላ የሚቀዳለት አፉ በተሸረፈ ቅል ነበር፤ ቦታውም ከበሩ ሥር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ግን ማንም አጠገቡ አይቀመጥም ነበር። እንዲያው እንደዚያ ከበሩ ሥር እንደተቀመጠ ሞተ። እኔም ከሸሹት አንዱ ነበርሁ። እንግዲህ ያችን ብልቃጥ ይዤ ወደ ቤቴ ስሄድ የታየኝ ያ ቅል ነው።

መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሰውን ልየውን አገኘሁት። ሁሉን ነገርሁት። ሳቀብኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአንዲት ትፋት ነው እንዲህ ፊትህ የጠቆረ? እኔ እተፋልሃለሁ! የኔ ደረት ብረት ነው።»

እኔም ቀልድ አላደረግሁትም። በማግስቱ ገና ፀሐይ ስትወጣ ቤቱ ሄድሁና ብልቃጧን ሰጠሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ እህህ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ሞላልኝ። ትርንጎ ከእንቅልፏ ነቅታ እያየችን ነበር። «ይኸው፣ የጎበዝ አክታ!» ብሎ ክዳኗን ገጠመልኝ። ጋቢዬ ውስጥ አድርጌ ወስጄ አስረከብሁ። ስመለስ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ነገሩን ረስቼው ነበር ብል አልዋሽም።

አንድ ቀን አውድማ ላይ ሳለሁ የጤና ኬላዋ ልጅ መጣች። ብቻዬን እንድሆን ጠብቃ፣ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ውጤቱ መጥቷል። አክታዎ ላይ የቲቢ ተሕዋስ ተገኝቷል። አይደንግጡ፤ መድኃኒት አለው፤ ይድናል» አለችኝ።

ክው አልሁ። መንሹ ከእጄ ወደቀ። እሷ የደነገጥሁት ለራሴ መሰላት፤ ክንዴን ይዛ ታጽናናኝ ጀመር። እኔ ግን ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር የሚሰማኝ። በጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው አንድ ነገር ነው፤ አክታው የልየው ነው። ያ ብረት ነኝ የሚለው፣ ያ የማያስለው፣ ያ ግንድ ተሸክሞ የሚያንጎራጉረው ሰው ነው የታመመው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ልየው ሄጄ ነገርሁት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን አሁንም ሳቀ።

«ብልቃጧን በጋቢህ ይዘህ መንገዱን ሙሉ እያሳልህ አልሄድህም? ያንተ ትንፋሽ ነው የገባባት!»

«ክዳኗ እኮ ጥብቅ ነበረች።»

«ባሕር ተሻግሮ የመጣ በሽታ አንተ ክዳን ያግደዋል ትላለህ?»

እውነቱን ልናገር፤ ላምነው ፈለግሁ። ምናልባት የእኔ ትንፋሽ ይሆናል ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርሁ። ሆኖም ስወጣ ልየው ሳቁን አቆመና ትክ ብሎ አየኝ። «ስማ፣» አለኝ፣ «ይህን ነገር ለሰው ብታወራ በክርስትና ልጅህ ይዤሃለሁ።» በክርስትና ልጄ! እንግዲህ በሀገራችን እንዲህ ተብሎ የተያዘ ሰው አፉን የሚከፍተው እንዴት ብሎ ነው?

ዝም አልሁ። ስምንት ቀን ዝም አልሁ። የጤና ኬላዋ ልጅ መድኃኒቱን እንድጀምር ሁለት ጊዜ ላከችብኝ፤ አውድማውን ምክንያት አድርጌ ቀረሁ።

በነዚያ ቀናት መካከል አንድ ጊዜ በልየው ቤት በኩል አለፍሁ። ትርንጎ ወትሮ እኔን ስታይ ሮጣ መጥታ ኪሴን ትበረብራለች፤ ቆሎ እንደማይጠፋኝ ታውቃለች። ያን ቀን ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችኝ፤ አልተነሣችም። ቆሎውን መዳፏ ላይ አደረግሁላት። ያዘችው እንጂ አልበላችውም።

«ምን ሆናለች?» አልሁት ልየውን።

«የሆድ ትል ነው። እህል አልበላ ብላለች፤ ሌሊትም ያልባታል» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስሄድ የልየው አክታ ትዝ አለኝ። ያም ሆኖ አልተናገርሁም። ይህን ዛሬም ስጽፈው አፍራለሁ።

በዘጠነኛው ቀን የጤና ኬላዋ ልጅ ራሷ መጥታ ይዛኝ ሄደች። አምበር ጤና ጣቢያ አስመዘገበችኝ። እዚያ አንዲት ነርስ ስለ መድኃኒቱ ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ ጆሮዬ ግን ዘግቶ ስለነበር አንዱም አልገባ። በማግስቱ ጠዋት ጤና ኬላው ድረስ ሄጄ፣ ልጅቱ ፊት፣ በባዶ ሆዴ የመጀመሪያዎቹን እንክብሎች ዋጥሁ። ሳልታመም የበሽተኛ መድኃኒት ዋጥሁ። ሌላ ሰው ሊድንበት የሚገባውን ዋጥሁ።

ከዚያ ወደ አውድማዬ ተመለስሁ። እኩለ ቀን ሲሆን ሽንቴ መጣና ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ዞር አልሁ።

ቀይ ነው!

ደም መሰለኝ። ዓይኔን አሻሽቼ ደግሜ አየሁ፤ ቀይ ነው። ዛፉን ያዝሁ። ወዲያው የታየኝ ፍርድ ነው። የውሸት መድኃኒት ውጦ፣ የሕፃን ነፍስ በአፉ ይዞ ዝም ያለ ሰው ደም ይሸናል፤ ሌላ ምን ይሆናል? እያልሁ ከራሴ ጋር አወራሁ። መንሹንም ጤፉንም ጥዬ ወደ ጤና ኬላው ገሠገሥሁ። እኔ ዳገት ላይ ሦስቴ የማርፈው ሰውዬ ያን ቀን አንድ ጊዜም አላረፍሁም።

ልጅቱ ደጅ ላይ የክትባት ሳጥን ታጥብ ነበር። ትንፋሼ ሳይመለስ፣ «ደም ሸናሁ! እግዜር ቀጣኝ! ያ አክታ የእኔ አይደለም፤ እኔ አልታመምሁም!» አልኋት።

የመጀመሪያውን ብቻ ሰምታ ሳቀች። «አባባ፣ ደም አይደለም! የመድኃኒቱ ቀለም ነው። የሚወስደው ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሸናው። ነርሷ አልነገረችዎትም?»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ግን ሳቋ ሲጠፋ አየሁ። እጇ ሳጥኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን አሉ አባባ? አክታው የማን ነው አሉኝ?»

ሰው እንዲህ ፊቱ ባንድ አፍታ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም። አመድ መሰለች። እንዲያ ሆና ሳያት የሠራሁት ነገር መጠኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ብልቃጧን ሰው እንደሞላልኝ ነገርኋት። የማን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም። «በክርስትና ልጄ ተይዣለሁ» አልኋት።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህብኝም እውነት አላት። እሷ ግን አጠገቤ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

«ያ ሰው ቤት ውስጥ ሕፃን አለ?» አለችኝ።

በዱላዬ ጫፍ መሬቱን ጫርሁ።

«አባባ፣ መሐላውን የንስሐ አባትዎ ይፈቱልዎታል። የሕፃን ሳንባ ግን የንስሐ አባት አይጠብቅም።»

ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ስም ልጠራ አፌን ከፈትሁ፤ እንቢ አለኝ። ከዚያ ተነሣሁ። ዱላዬን ይዤ በመንገዱ መሄድ ጀመርሁ። ወደ ቤቴ የሚወስደውን መታጠፊያ አለፍሁትና ወደ ልየው ቤት አቀናሁ። ዘወር ብዬ አላየሁም፤ ኮቴዋን ግን ከኋላዬ እሰማ ነበር። ቦርሳዋን ይዛ ተከትላኛለች። ስሙን አልጠራሁም፤ እሷም አላስጠራችኝም።

ልየው ደጁ ላይ ቀንበር እየጠረበ ነበር። ሁለታችንን ሲያይ መጥረቢያውን አወረደ።

«አንተ ይሁዳ!» አለኝ። «ሠላሳውን ብር ተቀበልህ?»

የጤና ኬላዋ ልጅ ግን እንዳልሰማች ሆና፣ «እንደምን ዋሉ አባባ? ፀሐዩ አቃጠለኝ፤ ውሃ ያጠጡኝ» አለችው። ልየው ውሃ ለጠየቀው እንቢ የሚል ሰው አይደለም። እየተነጫነጨ ገብቶ ውሃ አመጣላት። ጠጣችና ከግድግዳው ሥር ከተቀመጠችው ከትርንጎ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ አደረገቻት። ስሟን ጠየቀቻት፤ አንገቷን በጣቶቿ ዳበስ ዳበስ አደረገች። ከጆሮዋ በታች ጣቷ ቆመ። እዚያ ጋ አብጦ ነበር።

ከዚያ ከቦርሳዋ ያችን የሕፃናት ክንድ መለኪያ አወጣች። መቼም ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ አረንጓዴ ቢሆን ደህና ነው፣ ቢጫ ቢሆን ይጠንቀቁ፣ ቀይ ቢሆን አደጋ ነው። በትርንጎ ክንድ ላይ ጠቀለለቻትና ሳብ አደረገች። ከቀይ አላለፈችም።

የጤና ኬላዋ ልጅ የትርንጎን ክንድ ወደ ልየው ዞር አድርጋ አሳየችው።

ልየው ጎንበስ ብሎ አየ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«የኔ ነው» አለ። «ብልቃጧን የሞላሁት እኔ ነኝ። በሽታውን ያሳቀፍኋትም እኔ ነኝ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ አምበር፣ ከአምበርም ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰድናቸው። ትርንጎን ሆስፒታል አስተኟት። በሽታው ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪሟ፣ «ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ወደ ጭንቅላቷ ይወጣ ነበር» ስትል ግድግዳውን ተደገፍሁ። ጥቂት ሳምንት አለች፤ እኔ ከዚያ ላይ ስምንት ቀን በልቻለሁ።

የተመራማሪዎቹ አለቃ፣ ዶክተር የሚሉት፣ ነገሩን ሰምቶ መጣ። ልየውን ራጅ አስነሥቶ ፎቶውን መስኮቱ ላይ አድርጎ አሳየን። የልየው ሳንባ ላይ እንቁላል የምታህል ባዶ ቦታ ነበረች። ልየው ፎቶውን አየ፣ ደረቱን ነካ፣ ደግሞ አየ።

«እንጨት ስፈልጥ አያስለኝ፣ ዳገት ስወጣ አያስለኝ፤ ታዲያ ይሄ የማን ሳንባ ነው?»

«የእርስዎ ነው አባባ» አለው ዶክተሩ። ከዚያ ለሁለታችን እንዲህ ሲል አስረዳን። የሚያስለውን ሰውማ ማንም ያውቀዋል፤ ጎረቤቱም ያውቀዋል፣ እሱም ራሱ ያውቃል። እነሱ ሀገር ለሀገር የሚዞሩት ሳያስል የታመመውን ፍለጋ ነው። እንደዚያ ዓይነት ሰው ጥቂት አይደለም አለ። ያወራል፣ ይስቃል፣ ያንጎራጉራል፤ በሽታው ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ አብሮት የሚተኛ ሕፃን ያንን ይስበዋል። በጽዋና በቅል የሚተላለፍ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ያንን ከበሩ ሥር የሞተውን ሰው እንግዲህ በከንቱ ነው ያራቅነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አባባ፣ የእርስዎ ብልቃጥ ሳይታረም ቢቀር ጤነኛውን ታሟል፣ የታመመውን የለም ብለን ነበር የምንጽፈው። እኛ በጻፍነው ነው ለሀገሩ ሁሉ የሚወሰነው» አለኝ።

በዚህም ደነገጥሁ። የዋሸሁት ለመንደሬ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እኔንም መድኃኒቱን አስተዉኝና እንደገና መረመሩኝ። ያን ጊዜ የራሴን አክታ ከደረቴ ስቤ ሰጠሁ። ቲቢ አልተገኘብኝም። ሳሌ የዕድሜ ልክ ጭስና የአውድማ ብናኝ ያመጣው የአስም ዓይነት ነው ተባለ፤ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጡኝ። የሚያስለው ጤነኛ፣ የማያስለው ታማሚ ሆኖ ተገኘ። ይህን ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ልየው ሁለት ወር ያህል አኮረፈኝ። በመንገድ ስንገናኝ ወደ ማዶ ያያል። የእግዜር ሰላምታ ነፈገኝ። ይገባኛል ብዬ ቻልሁት። አንድ ጠዋት ግን ከጤና ኬላው መድኃኒቱን ውጦ ሲመለስ ደጄ ላይ ቆመ።

«ያ ቀይ ነገር» አለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ «ላንተም ነበረ?»

«ነበረ።»

«አንተ አንድ ቀን አይተኸው ነው ጤፍህን ጥለህ የሮጥህ?»

«አንድ ቀን።»

«እኔ ስድስት ወር ላየው ነው እኮ፣ አንተ ፈሪ!» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስንስቅ ዓይኑ እንባ እንዳዘለ አይቻለሁ፤ እሱም የኔን አይቷል። ገብቶ ቁርስ በላ።

ትርንጎ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ቆይታ ወጣች። እናቷም ሥራዋን ትታ መጣች። ትርንጎ መጀመሪያ መድኃኒቱን እየተፋች አስቸገረች፤ በኋላ ለመደችው። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ወፍራም አይደለችም፤ ግን ኪሴን መበርበር ጀምራለች።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለሁም። ሰው ሲያስል አልሸሽም። ጤነኛ ነኝ ብሎ ደረቱን የሚመታ ሰው ሲያጋጥመኝ ግን ልቤ ይደነግጣል። ቤተ ክርስቲያንም ስገባ፣ ለቅሶ ቤትም ስቀመጥ፣ መስኮቱ መከፈቱን አያለሁ። ሰዎች «አረጀ፣ ነፋስ ወደደ» ይሉኛል። ይበሉ። ስለዚያ ስምንት ቀን ንስሐ ገብቻለሁ፤ መሐላውም ተፈትቶልኛል። ሆኖም ዕድሜዬ ቢቆጠር ያን ስምንት ቀን ከውስጡ አውጥተው ቢጥሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የእኛ ሰው ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ አያውቅም። «የልየው በሽታ እንዴት ታወቀ?» ተብላ ስትጠየቅ የጤና ኬላዋ ልጅ፣ «ምርመራው ነው ያገኘው» ብላ ታልፍ ነበር። እኔን በማንም ፊት አላዋረደችኝም፤ ልየውንም አላዋረደችም። ልየው ታሞ መገኘቱን የሰማው ሰው ግን፣ «እሱ ከታመመ እኔማ» እያለ ብዙው ራሱ ሄዶ ተመረመረ። ልየው ድኗል፤ ይህን እንድጽፍም ፈቅዶልኛል። «ይሁዳነትህንም እንዳትረሳ» ብሎኛል፤ አልረሳሁም፣ ጽፌዋለሁ።

ልጅቱ ከእኛ ዘንድ ተዛውራ ወደ መርጡለ ማርያም በኩል ሄዳለች። ስትሄድ እርሻ ላይ ስለነበርሁ አልተሰናበትኋትም። እዚያ ያላችሁ አንባቢዎች ብታገኟት ትርንጎ ደህና ናት በሉልኝ። ባንቺዓየሁ ትባላለች።